«ሦስተኛውን አንሺው»

በቤተ መጻሕፍቱ ምድር ቤት፣ ከደረጃው ሥር፣ አንድ መስኮት ብቻ ያላት ክፍል አለች። መስኮቷ ከእግረኛ መንገዱ ጋር እኩል ስለሆነች፣ ውስጥ ለተቀመጠ ሰው የሚታየው የአላፊ አግዳሚው ጫማ ብቻ ነው። የዚህ ታሪክ ባለቤት በዚያች ክፍል ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ጋዜጣና መጽሔት ስትጠርዝ የኖረች ሴት ናት። እኛ አንባቢዎቹ «እትዬ ጥራዝ» እንላታለን። ስሙን ማን እንዳወጣላት አይታወቅም፤ እሷም አልተቀየመችም።

በየሦስት ወሩ የተጠራቀመው ጋዜጣ ወደ እሷ ይወርዳል። በቀን በቀኑ ትደረድረዋለች፣ ጠርዙን በወስፌ ትበሳለች፣ በሰም የታሸ ክር ታስገባለች፣ ሙጫ ቀብታ ከከባድ ብረት ሥር ታሳድረዋለች፣ በማግሥቱ ካርቶንና ጨርቅ ታለብሰዋለች። ሥራውን ያስተማራት ሽማግሌ ጠራዥ አንድ ነገር ብቻ ነበር ያስጠነቀቃት። «ልጄ፣ ጠራዥ አያነብም። ማንበብ የጀመረ ጠራዥ ሥራ አይወጣለትም» አላት። ስምንተኛ ክፍል ላይ አባቷ ሞቶ ትምህርቷን ላቋረጠች ልጅ፣ ይህ የተራበ ሰው ፊት ገበታ ዘርግቶ አትንኪ እንደማለት ነበር።

በመጀመሪያው ወር፣ አንድ ጋዜጠኛ ሲሚንቶ የጫነን አንድ መኪና ዘጠኝ ቀን ተከትሎ የጻፈውን ረጅም ዘገባ አገኘች። መኪናው ከፋብሪካ ሲወጣ ሦስት መቶ ከረጢት ነበረው፤ ለሚሠራው ትምህርት ቤት ሲደርስ መቶ አርባ። ጋዜጠኛው የቀረው ሲሚንቶ የማን ግድግዳ እንደሆነ ቤት በቤት ሄዶ አሳየ። እሷ አንብባ ስትጨርስ ሙጫው እጇ ላይ ደርቆ ነበር። ከዚያ ወዲያ የሽማግሌውን ምክር ጆሮ ዳባ ልበስ አለችው።

ብዙ ካነበቡ ሰዎች የሚለያት ያነበበችውን ለብቻዋ አለመያዟ ነው። አንዲት የሕግ ተማሪ «እንቅልፍ የማያስይዝ ነገር ስጪኝ» ብትላት ስለ አንድ የፈረሰ ድልድይ የተጻፈ ምርመራ ሰጠቻት። ተማሪዋ ጓደኞቿን ላከች። ውሎ አድሮ ከመግቢያው አጠገብ ባለው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ በየወሩ ሰባት ንባቦችን በእጇ እየጻፈች መለጠፍ ጀመረች። ረጃጅም ዘገባዎች፣ ሰዎች ስለ ራሳቸው የጻፏቸው የሕይወት ታሪኮች፣ ምርመራዎች። ከእያንዳንዱ ሥር ሁለት ሦስት መስመር ትጨምራለች። አንዳንዶቹን እስከ ዛሬ በቃሌ እወጣቸዋለሁ።

«የስልክ ቤት ሠራተኛዋ ትዝታ። ሠላሳ ዓመት የሰው ወሬ ስታገናኝ ኖራ የራሷን ለማንም አልተነፈሰችም። እዚህ ትተነፍሳለች። መሐረብ ያዙ።»

«የፈረሰው ድልድይ ምርመራ። መጀመሪያው ይጎትታል፤ ታገሡት። አራተኛው ገጽ ላይ መሐንዲሱ አፉን ሲከፍት ትነቃላችሁ።»

ለዚህ ዝርዝር ብሎ ከሰፈሩ ማዶ የሚመጣ ሰው ነበር። ከሁሉ የማይቀረው ግን አንድ ጡረተኛ ነው፤ አንዱን መነጽር ዓይኑ ላይ፣ ሌላውን ግንባሩ ላይ አድርጎ ስለሚዞር ጋሽ መነጽር ይባላል። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ፣ ከሰዓት በኋላ ስምንት ሰዓት ሲሆን ይመጣና የሕይወት ታሪክ ብቻ ያነባል። ሲጨርስ ምድር ቤት ወርዶ ፍርዱን ይሰጣል። «ይኼኛው ዋሽቷል። የሠራውን ደግ ነገር ‹እኔ› ብሎ ጥፋቱን ሁሉ ‹እኛ› ብሎ ጽፎታል።» እትዬ ጥራዝ እየሳቀች ሻይ ትቀዳለታለች። ጋሽ መነጽር ስለ ራሱ ሲያወራ ግን ሰምታው አታውቅም፤ የት ይሠራ እንደነበርም ጠይቃው አታውቅም።

አንድ ወር ላይ እንዲህ ሆነ። ከዝርዝሩ ሦስተኛው ላይ ይህን ጻፈች፦ «ባዶዎቹ ሲሊንደሮች። በአንድ ሆስፒታል፣ በአንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ ኦክስጅን ተቋርጦ አሥራ አንድ ሕሙማን እንዴት እንደሞቱ። ጋዜጠኛዋ አምስት ወር ለፍታበታለች። የማይረሳ።» ዘገባው ከወጣ አሥር ዓመት ሆኖታል። በጊዜው ሰው አንድ ሳምንት ተነጋገረበት፣ ከዚያ ሌላ ወሬ መጣ፣ ተረሳ። እሷ ጥራዙ ውስጥ ድጋሚ ስታገኘው ነው ደሟ የፈላው።

ዝርዝሩ በተለጠፈ በሦስተኛው ቀን፣ ከሰሌዳው ሥር ካለችው የጥያቄ ሳጥን ብጣሽ ወረቀት ወጣ። «ከዝርዝሩ ሦስተኛው ይነሳ» ይላል። ፊርማ የለውም። እትዬ ጥራዝ አልገረማትም። ከዚህ ቀደምም «የሚያስለቅሰውን ቀንሺልን» ብሎ የጻፈላት ነበር።

በሳምንቱ ሁለተኛው መጣ፤ በዚያው ቀጥ ብሎ በተደረደረ፣ በማይቸኩል የእጅ ጽሑፍ።

«ሦስተኛውን አንሺው ብዬሻለሁ። በየትኛው በር እንደምትወጪ አውቃለሁ።»

ቆማ ነበር ያነበበችው፤ ተቀመጠች። ሥራ ስትጨርስ የምትወጣው በጓሮ በኩል፣ ከቆሻሻ ማጠራቀሚያው ጎን ባለችው የብረት በር ነው፤ ወደ አውቶቡስ ፌርማታው ያቋርጣል። ያንን በር ከእሷና ከዘበኛው ሌላ የሚያውቀው ያለ አይመስላትም ነበር።

የዚያን ዕለት ከሰዓት በኋላ አንድ ጥንድ ጥቁር ጫማ መስኮቷ ፊት መጥቶ ቆመ። ወደ እሷ ዞሮ። ጠበቀች። ጫማው ሄደ። ማን እንደነበር አላወቀችም፤ ምናልባት ታክሲ የሚጠብቅ ምስኪን ሰው ይሆናል። ግን ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ሥራዋን ትታ የቆመ ጫማ የምትቆጥር ሰው ሆነች።

ቤት የምትኖረው ከታላቅ እህቷ ጋር ነው። እህቷ ዕድሜ ልኳን የልብስ ስፌት ሠርታ አሁን ዓይኗ የደከመ፣ ምላሷ ግን ያልደከመ ሴት ናት።

«እታለም፣ አንድ ነገር ልንገርሽና እንዳትጮኺ» ብላ ወረቀቱን አሳየቻት።

«ሰው ለወረቀት ሰው ይገድላል እንዴ?» አለች እህቷ። ከዚያ ትንሽ አሰበችና ድምፅዋ ወረደ። «ይገድላል መሰለኝ። አንሺው በቃ! ያንቺ አባት የጻፈው ነው እንዴ?»

«የኔ አባትማ ያንቺም አባት ነው።»

«እኮ! እሱ ደግሞ ስሙን እንኳ ለመጻፍ አንድ ሰዓት ይፈጅበት ነበር።» ሁለቱም ሳቁ፤ ሳቁ ግን ብዙ አልቆየም። ከማግሥቱ ጀምሮ እህቷ ጃንጥላዋን ይዛ፣ ዝናብ በሌለበት ቀን ሁሉ ሳይቀር፣ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ የጓሮው በር ጋ እየመጣች ትጠብቃት ጀመር።

ወረቀቱን ለኃላፊው አሳየች። ኃላፊው ለቦታው አዲስ ነው፤ ክፉ ሰው አይደለም። በሩ የተዘጋ ቢሆንም በሹክሹክታ ነበር ያወራት።

«እትዬ፣ ይኼ ዝርዝር እኮ ከሥራ ድርሻሽ ውስጥ የለም። በፍቅር የምትሠሪው ነው። ግን ሰውየው የሆስፒታሉ ሰው ቢሆንስ? ከበላይ ቢሆንስ?»

«ጋዜጣው እኮ የታተመ ነው፤ እኔ አልጻፍኩት።»

«የጻፈችው ጋዜጠኛ የት እንደምትኖር አያውቅም ይሆናል። አንቺ የት እንደምትውዪ ግን ያውቃል። አንሺውና ሁላችንም እንገላገል።»

«ሁላችንም» ያለው ነገር ነው ያስፈራት። ወጥታ በቀጥታ ወደ ሰሌዳው ሄደች። ሦስቱን ስፒሎች ነቅላ አራተኛውን ስትይዝ፣ ከኋላዋ አንድ የሴት ድምፅ «እህቴ» አለ። ክው ብላ ዞረች።

«የሲሊንደሩ ጋዜጣ እዚህ ነው አሉኝ። እውነት ነው?»

ሴትየዋ በአንድ ሆቴል አንሶላ አጣቢ ናት። ከሳሙና ብዛት የጣቶቿ ጫፍ ነጭ ሆኗል። የሥራ ባልደረባዋ ልጅ ዝርዝሩን አይታ ነግራት ነው የመጣችው። «ማንበቡንስ እችላለሁ፤ ዓይኔ ነው እምቢ ያለኝ። ብታነቢልኝ...» አለች።

እትዬ ጥራዝ ዝርዝሩ በአንድ ስፒል እንደተንጠለጠለ ትታው ሴትየዋንና ጥራዙን ይዛ ወረደች። በሩን ቆልፋ ማንበብ ጀመረች። ዘገባው ረጅም ነው። መዝገቡ አርባ ሙሉ ሲሊንደር እንዳለ ይላል፤ ሃያ ስድስቱ ባዶ ነበሩ። የንብረት ክፍል ሠራተኛው ሙሉ ናቸው ብሎ ፈርሟል። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ አየሩ ቆመ። ቀጥሎ ጋዜጠኛዋ በየአልጋው ትሄዳለች።

«በዘጠኝ ቁጥር አልጋ የተኛው አናጢ መስኮት እንዲከፈትለት ሁለት ጊዜ ለመነ» ብላ ስታነብ፣ አጣቢዋ እጇን ያዘቻት።

«ቆዪ። ድገሚልኝ።»

ደገመችላት።

«ዘጠኝ ቁጥር የኔ ሰው ነው።» ሴትየዋ አላለቀሰችም። ፊቷ ብቻ እንደ ወረቀት ነጣ። «አልከፍትም ያልኩት እኔ ነኝ። ብርድ ይመታሃል ብዬ። ‹አየር አጠረኝ› ሲለኝ ‹ትንሽ ቻለው› አልኩት። ቻለው እያልኩት ሞተ። ልቡ ነው አሉኝ። እኔ ግን በመስኮቱ ነው ብዬ... ይኸው ስንት ዓመቴ፣ ክረምት ከበጋ ቤቴ መስኮት አይዘጋም። ልጄ በብርድ ትንቀጠቀጣለች፣ አልዘጋም።»

እትዬ ጥራዝ ቀጣዩን መስመር አነበበችላት። ኦክስጅኑ ከተቋረጠ ሃያ ደቂቃ አልፎ እንደነበር፣ መስኮቱ ቢከፈትም ባይከፈትም ሰውየውን ሊያተርፈው እንደማይችል ሦስት ሐኪሞች ለየብቻ መስክረዋል። ሴትየዋ ያንን መስመር ሦስት ጊዜ አስነበበቻት። ከዚያ የት ላይ እንደተጻፈ አሳዪኝ ብላ ጣቷን ፊደሎቹ ላይ አሳርፋ ብዙ ቆየች።

ስትወጣ «ሐሙስ ልጄን ይዣት እመጣለሁ። እሷም ትስማው» አለች።

እትዬ ጥራዝ ተመልሳ ወጣችና ሦስቱን ስፒሎች ወደየቦታቸው ተከለች። አንዱ ጣቷን ወጋት።

ሐሙስ ጠዋት፣ እናትና ልጅ ከመምጣታቸው በፊት ገጹን አዘጋጅታ ለመጠበቅ ጥራዙን ከንባብ አዳራሹ አወረደች። ስትገልጠው ቀኑ ዘለለ። መሐል ላይ ክፍተት አለ። አራት ቅጠል የለም።

የተቀደደ አልነበረም። ከላይ እስከ ታች፣ ከክሩ የጥፍር ስፋት ያህል ብቻ ርቆ፣ በአንድ ጊዜ ተስቦ ተቆርጧል። በምላጭ። ዕድሜዋን ከስለት ጋር የኖረች ሴት ናትና ያየችው ገባት። እንዲህ የሚቆርጥ እጅ አይቸኩልም፣ አይፈራምም። አርባ ሰው በተቀመጠበት አዳራሽ አንድ ሰው ምላጭ አውጥቶ፣ ሥራውን ጨርሶ፣ ምናልባትም በሩ ላይ «ደህና ዋይ» ብሏት ወጥቷል።

ለእናትና ለልጅ «ጥራዙ ጥገና ላይ ነው» ብላ ዋሸች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወስፌዋን በጋዋኗ ኪስ መያዝ ጀመረች። አንባቢ ሰላም ሲላት ፊቱን ሳይሆን እጁን ታያለች። እኔም አንድ ቀን እስክሪብቶ ላወጣ እጄን ወደ ኪሴ ብሰድ ወደ ግድግዳው ስትሸሽ አይቻታለሁ፤ ያን ጊዜ ምን እንደነካት አልገባኝም ነበር።

ቆራጩ የማያውቀው አንድ ነገር ነበር። ከየጋዜጣው ሁለት ሁለት ቅጂ ነው የሚመጣው፤ ሁለተኛው ሳይጠረዝ ዕቃ ቤት ይቀመጣል። ሁለት ቀን ፈልጋ አገኘችው። ሦስት ፎቶ ኮፒ አነሳች፣ ዋናውን ከሙጫ ጣሳዎቹ ጀርባ ደበቀች። ከዚያ ወደ ሰሌዳው ወጥታ በሦስተኛው ሥር ጻፈች፦ «ይህን ማንበብ የፈለገ ምድር ቤት ይምጣ።»

ወርዳ ከተቀመጠች በኋላ ነው የሠራችው የገባት። ሰውየውን በገዛ እጇ ጠራችው። ኃላፊው አይቶ እንዳላየ አለፈ። እሷ ግን በሩ በተንኳኳ ቁጥር ነፍሷ ልትወጣ ትደርሳለች። አንዲት ነርስ መጣች። ሁለት ተማሪዎች መጡ። አንድ ሹፌር መጣና ቆሞ አንብቦ ኮፍያውን አውልቆ ወጣ። ለእያንዳንዱ «ግቡ» ስትል አንድ እጇ ኪሷ ውስጥ ነው።

ዓርብ ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ግድም በሩ ቀስ ብሎ ተንኳኳ። ጋሽ መነጽር ነበር። እፎይ አለች። ከደስታዋ ብዛት ወንበሩን ራሷ ሳበችለት።

«ጋሼ፣ ዛሬስ እግዜር ነው ያመጣዎት። እህቴ እስክትመጣ አብረውኝ ይቆዩ፤ ብቻዬን መቀመጥ ፈርቻለሁ» አለችና ሁሉንም ዘረገፈችለት። ወረቀቶቹን፣ በሩን፣ ምላጩን። «ማን እንደሆነ ባውቅ እንኳ ግማሹ ይቀልልኝ ነበር። የማያውቁትን ሰው መፍራት እንዴት ያለ ነገር መሰለዎት!»

ጋሽ መነጽር እስክትጨርስ ሰማት። ከዚያ ከኮቱ የውስጥ ኪስ በወረቀት የተጠቀለለ ቀጭን ነገር አወጣና ጠረጴዛው ላይ አኖረ። ወረቀቱን ፈታው። ምላጭ ነው።

በሩ ከእሱ ጀርባ ነው።

«አትፍሪኝ አልልሽም» አለ። «እንድትፈሪ ብዬ ነው የጻፍኩት። በዚያች በር ስትወጪ ስንቴ ነው አብሬሽ እስከ ፌርማታው የሄድኩት፤ ረስተሽው ነው። ለብቻዬ ስፈራ መኖር ሰለቸኝ። አንድ ሰው አብሮኝ ይፍራ አልኩ።»

«ጋሼ... እርስዎ?»

«የፈረምኩት እኔ ነኝ። አርባ ሙሉ ብዬ። ጋዜጠኛዋ ስሜን አልጻፈችውም፤ ‹የንብረት ክፍል ሠራተኛው› ነው ያለችው። ሰፈር ቀየርኩ፣ ሰው ረሳው፣ እኔም ልረሳው ደርሼ ነበር። አንቺ መጥተሽ ‹የማይረሳ› ብለሽ ለጠፍሽው። በየቀኑ ከሥሩ አልፋለሁ። ሰዎች እያነበቡ ‹ይኼ ሰውዬ እንዴት እንቅልፍ ይወስደዋል› ሲሉ ከጎናቸው ቆሜያለሁ።»

እጁ ከምላጩ አንድ ስንዝር አይርቅም። እትዬ ጥራዝ ኪሷ ውስጥ ወስፌውን ጨብጣ ነበር። «በዚያች ደቂቃ ከሁሉ ያስፈራኝ እጁ አልነበረም» ብላ ነግራኛለች። «ዘጠኝ ዓመት ሻይ የቀዳሁለትን ሰው ልወጋው እንደምችል ማወቄ ነው።»

«ጽሑፉ ውሸት አለበት?» አለችው።

«የለበትም። የጎደለው ነገር አለ እንጂ ውሸት የለበትም። ‹ፈርም፣ መኪናው ነገ ይደርሳል› አሉኝ፤ ፈረምኩ። መኪናው ሐሙስ ነው የደረሰው። ያን ጠዋት አንድ ሙሉ ቀርታ ነበር። ተሸክሜ ሮጥኩ። ለአራት ቁጥር ነው ተባልኩ። በዘጠኝ ቁጥር በኩል ነው ያለፍኩት። አንሺልኝ። እኔ እስክሞት ብቻ። ብዙም አልቆይ።»

ሰውየውን ማየት አቃታት፤ ጠረጴዛውን እያየች ስለ አጣቢዋ ነገረችው። ስለ መስኮቱ፣ በብርድ ስለምትንቀጠቀጠው ልጅ፣ መስመሩ ላይ ስላረፈችው ጣት። «ባነሳው ኖሮ ይቺ ሴት ባሌን ገደልኩ እንዳለች ትሞት ነበር። ላነሳው አልችልም፣ ጋሼ። ከፈለጉ ይቁረጡኝ።»

ጋሽ መነጽር ሁለቱንም መነጽሮች አወለቀ። ያለ እነሱ ሌላ ሰው ይመስላል፤ ዓይኖቹ ትንንሽ ናቸው። ተነስቶ ወጣ። ምላጩ ጠረጴዛው ላይ ቀረ። እህቷ ጃንጥላዋን ይዛ ስትደርስ፣ እትዬ ጥራዝ ወለሉ ላይ ተቀምጣ ነበር።

«ፖሊስ ጥሪ!» አለች እህቷ።

«ምን ብዬ? አራት ቅጠል ጋዜጣ ቆረጠ ብዬ?»

ከዚያ በኋላ ዘጠኝ ቀን አልመጣም። ፍርሃቷ መልኩን ለወጠ። ስምንት ሰዓት ሲሆን ጆሮዋ ደረጃው ላይ ይተከላል። በየመንገዱ ግንብ የተለጠፈ የሐዘን ማስታወቂያ ባየች ቁጥር ፎቶው የሱ እንዳይሆን እየፈራች ትጠጋለች። «እኔ ነኝ የገደልኩት» እያለች እህቷን እንቅልፍ ነሳቻት።

በአሥረኛው ቀን መጣ። ጢሙን አልተላጨም። «ያቺን ሴት ልያት» አለ፤ ሌላ ቃል አልጨመረም።

አጣቢዋ ስትጠየቅ ወዲያው እሺ አለች፤ እሺታዋ ነው የሚያስፈራው። በጠባቧ ክፍል ሦስት ወንበር ተደረገ። የእትዬ ጥራዝ እህት በሩ ላይ ቆመች። እትዬ ጥራዝ ምላጩን፣ ወስፌውን፣ መቀሱን፣ ስለት የተባለውን ሁሉ ሰብስባ መሳቢያ ውስጥ ቆለፈች።

ጋሽ መነጽር የጻፈውን ነገር ይዞ መጥቶ ነበር፤ ሁለት ገጽ። ሲሊንደር ተሸክሞ በዘጠኝ ቁጥር በኩል ማለፉ ጋ ሲደርስ አጣቢዋ አቋረጠችው።

«ወረቀቱን ይተውት። ሲሊንደሩን ተሸክመው በባሌ በኩል ሲያልፉ፣ አይቶዎታል?»

ሁለቱን ገጾች አጥፎ ኪሱ ከተታቸው።

«አይቶኛል።»

«ምን አለ?»

«እጁን ዘረጋ። ለሱ ያመጣሁ መስሎት።»

ሴትየዋ ዓይኗን ጨፈነች። ስትገልጠው «እርስዎ» ቀርቶ ነበር። «ይቅር አልልህም። ዛሬ አልችልም፤ ነገም የምችል አይመስለኝም። የፈረመው እጅ ያንተ ነው። ‹ፈርም› ያለህ አፍስ የማነው?»

ጋሽ መነጽር ያንን ስም ለማንም ተናግሮ አያውቅም ነበር። ለጋዜጠኛዋም፣ ለሟች ሚስቱም። በዝግታ ተናገረው።

እትዬ ጥራዝ ስሙን ታውቀዋለች። የፊት ገጽ ፎቶውን ስንት ጊዜ በወስፌ በስታዋለች። ያኔ የሆስፒታሉ አስተዳዳሪ የነበረው ሰው ዛሬ ከሆስፒታል በላይ የሆነ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ባልሰማሁ ብላ ተመኘች። የሰማችውን ግን መልሳ ወደ አፉ ልትከተው አትችልም።

በሳምንቱ ሦስቱ አንድ ላይ ወደ ጋዜጣው ቢሮ ሄዱ። ዘገባውን የጻፈችው ጋዜጠኛ ፀጉሯ ሸብቷል። ጋሽ መነጽርን ገና በሩ ላይ ስታየው ከመቀመጫዋ ተነሳች፤ ያኔ አምስት ወር ሙሉ ደጁን ስታንኳኳ አንድም ቀን አልከፈተላትም ነበር። ሁለት ሰዓት ተኩል ቀረጸችው። ሲያበቃ ጠየቀችው።

«ስምዎ እንዲደበቅ ይፈልጋሉ?»

«እስካሁን ተደብቆ ምን ጠቀመኝ?» አላት።

ሁለተኛው ዘገባ በአራት ወሩ ወጣ፤ ከነስሙ፣ ከነፊርማው፣ ከነአዛዡ። ባለ ትልቁ ወንበር ሐሰት ነው ብሎ መግለጫ ሰጠ። በሕሙማኑ ሞት ክስ ተመሠረተ፣ ቀጠሮ ተሰጠ፣ ቀጠሮው ሌላ ቀጠሮ ወለደ። ጋሽ መነጽር ሁለት ጊዜ ተጠርቶ ቃሉን ሰጥቷል። ለእሱም የሚመጣበት አይታወቅም፤ ምሽት ላይ ስልኩ ይጠራል፣ ሲያነሳው የሚናገር የለም ይላል። አጣቢዋ በእያንዳንዱ ቀጠሮ ከሱ ሁለት ወንበር ራቅ ብላ ትቀመጣለች። አጠገቡ አትቀመጥም፤ ቀርታም አታውቅም። ኃላፊው «ዝርዝሩ ከመለጠፉ በፊት እኔ ልየው» የሚል ደብዳቤ ለእትዬ ጥራዝ ጻፈላት። ታሳየዋለች፤ እሱም እያላበው ያያል፣ እስካሁን አንድም ቀን አልሰረዘም።

ባለፈው ወር፣ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ ሁለት ሰዎች መጡ። ልብሳቸው ንጹሕ ነው፣ ደብተርም እስክሪብቶም አልያዙም። ባዶዎቹ ሲሊንደሮች ያለበትን ጥራዝ ጠየቁ። እኔ በዚያ ሰዓት አዳራሹ ውስጥ ነበርኩ። እሷ ራሷ ነች ያመጣችላቸው፤ በተቆረጠው ቦታ ሁለተኛውን ቅጂ አስገብታ መልሳ ሰፍታዋለች። ጎን ለጎን ተቀምጠው አነበቡ። አንዱ ሲያነብ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። ሌላው ገጹን ሲገልጥ ጣቱን በምራቁ ያርሳል። አንድ ሰዓት ሙሉ ቆዩ። እሷ መደርደሪያውን ይዛ ቆማ ነበር።

ሲጨርሱ ጥራዙን ዘግተው መለሱላት። ትልቁ ሰውዬ ትክ ብሎ አያት።

«አንቺ ነሽ አሉ ለሰው የሚነበበውን የምትመርጪው።»

«እኔ ነኝ።»

«ጥሩ ጽሑፍ ነው። ሌላስ ምን እንድናነብ ትመክሪናለሽ?»

ከተቀመጥኩበት ሆኜ አንገቷ ላይ የሚመታውን ሥር አየሁት። አንዴ በሩን፣ አንዴ መሬቱን አየች። ከዚያ እጇን በጋዋኗ ላይ ጠረገችና «የዚህ ተከታይ አለ» አለቻቸው። «ከነስሙ ነው። ቆዩ፣ ላምጣላችሁ።»

ወርዳ እስክትመለስ ሁለቱም ከወንበራቸው አልተነሱም። ስትመጣ ጥራዙን በደረቷ አቅፋው ነበር። ፊታቸው ዘርግታ ገጹን ራሷ ገለጠችላቸው።

«ከዚህ ጀምሩ» አለች።